ንጉሥ ፕሮቲያ፦ ድሃ አፈር የሚወደው የኬፕ አበባ

በለንደን የሚገኘው የኪው የዕፅዋት ማዕከል ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ ተክሎችን በማሳደግ ስመ ጥር የሆነ ተቋም ነው። ከደቡብ አፍሪካ የመጣው ንጉሥ ፕሮቲያ በዚህ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1826 አበበ። ቀጥሎ አብቦ የታየው በ1986 ነው። በመካከሉ 160 ዓመት አልፏል።

ይህ የሆነው አውሮፓውያን ተክሉን ስለናቁት አይደለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ19ኛው መጀመሪያ ላይ ፕሮቲያ በባለጸጎች ዘንድ እጅግ ተፈላጊ ነበር። ጆሴፍ ናይት የተባለ እንግሊዛዊ አትክልተኛ እ.ኤ.አ. በ1809 ስለ አስተዳደጉ መጽሐፍ እስከ ማሳተም ደርሶ ነበር። በዚያ ዘመን የመስታወት ቤቶች የሚሞቁት በግድግዳ ውስጥ በሚያልፍ የጢስ መተላለፊያ ስለነበረ አየራቸው ደረቅ ነበር። በኋላ በእንፋሎትና በሙቅ ውኃ ማሞቅ ተጀመረ። ቤቶቹ ረጠቡ፣ አየሩ ከበደ። የሞቃት ደን ተክሎች ሲፋፉበት ፕሮቲያ ግን እየሞተ አለቀ።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት ለዛሬም አትክልተኛ ይበጃል። ንጉሥ ፕሮቲያን ለማሳደግ የሚያስፈልገው ሥራ ሁሉ የሚመነጨው ከተፈጠረበት ተራራ ነው። አፈሩ ለምን ድሃ መሆን እንዳለበት፣ ውኃው መቼ እንደሚበዛና መቼ እንደሚቀንስ፣ መቀሱ የት ላይ ማረፍ እንዳለበት የሚናገረው ተራራው ነው። ስለዚህ ከአስተዳደጉ በፊት አገሩን እንይ።

አበባውና ቁጥቋጦው

ንጉሥ ፕሮቲያ ከሥሩ ብዙ ግንድ የሚያወጣ ቁጥቋጦ ነው። ቁመቱ እንደ ዝርያው ከ35 ሳንቲ ሜትር እስከ 2 ሜትር ይደርሳል። ቅጠሉ ወፍራም፣ ጠንካራና የሚያብረቀርቅ ሲሆን ረጅም አንገት አለው። በሳይንስ ስሙ ፕሮቲያ ሲናሮይደስ ይባላል። የወገኑን ስም የሰጠው ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ ነው፤ ስሙንም የወሰደው መልኩን እየለዋወጠ ይታያል ከሚባለው ፕሮቲየስ ከተሰኘ የግሪኮች የባሕር አምላክ ነው። ምክንያቱም የፕሮቲያ ወገን ተክሎች በመልክና በመጠን እጅግ ይለያያሉ።

አንድ አበባ የሚመስለን ነገር በእርግጥ የብዙ አበቦች ስብስብ ነው። በመካከል ተጠጋግተው የቆሙት ቀጫጭን ዘንጎች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ትናንሽ አበቦች ናቸው። በዙሪያቸው እንደ ዘውድ የቆሙት ሮዝ፣ ነጣ ያሉ ወይም ደማቅ ቀይ ክፍሎች መልካቸውን የለወጡ ቅጠሎች ናቸው። ጠቅላላው ስብስብ ከዳር እስከ ዳር ከ12 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል። በደንብ የጠነከረ ተክል በአንድ ወቅት ከ6 እስከ 10 አበባ ይሰጣል፤ እስከ 40 የሚደርሱም አልፎ አልፎ ይገኛሉ።

በአበባው ውስጥ ብዙ ጣፋጭ ፈሳሽ ይጠራቀማል። ይህን ፈልገው የሚመጡት ረጅም ጅራት ያላት የኬፕ ስኳር ወፍ፣ ሌሎች ማር ቀሳሚ ወፎችና ጢንዚዛዎች የአበባውን ብናኝ ከአንዱ ወደ ሌላው ያደርሳሉ። ፕሮቲያ የተተከለበት ግቢ ወፍ አያጣም።

ደቡብ አፍሪካውያን ይህን አበባ የአገራቸው ምልክት አድርገውታል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 27 ቀን 2000 በጸደቀው የአገሪቱ ዓርማ ላይ ፕሮቲያ አለ፤ ብሔራዊ የክሪኬት ቡድናቸውም የሚጠራው በዚሁ አበባ ስም ነው።

አገሩ ኬፕ

ንጉሥ ፕሮቲያ በተፈጥሮ የሚበቅለው በደቡብ አፍሪካ ደቡብ ምዕራብና ደቡብ ጫፍ፣ ኬፕ በሚባለው አካባቢ ነው። በሰሜን ምዕራብ ከሴደርበርግ ተራሮች ተነሥቶ በምሥራቅ እስከ ማካንዳ ከተማ አካባቢ ይዘልቃል። ከባሕር ጠረፍ አንሥቶ እስከ 1,500 ሜትር ከፍታ ድረስ ይገኛል።

ይህ አካባቢ በዕፅዋት ሀብቱ ዓለምን ያስደነቀ ነው። ከ90,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ብዙም በማይበልጥ መሬት ላይ ወደ 9,000 የሚጠጉ የዕፅዋት ዝርያዎች ይገኛሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ ከሦስቱ ሁለት የሚሆኑት በሌላ የዓለም ክፍል የሉም። ለማነጻጸር ያህል፣ ከ1.1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ባላቸው በኢትዮጵያና በኤርትራ የሚገኙት ዝርያዎች ወደ 6,000 ይገመታሉ። ዩኔስኮ የኬፕን የተጠበቁ ሥፍራዎች እ.ኤ.አ. በ2004 በዓለም ቅርስነት መዝግቧል።

ተራራውን የሸፈነው ቁጥቋጦ ፊንቦስ ይባላል። ዛፍ የለውም ማለት ይቻላል፤ ጠንካራና ደቃቅ ቅጠል ያላቸው ቁጥቋጦዎች የሞሉበት ነው። ለዚህ መልኩ ምክንያቱ አፈሩ ነው። የኬፕ ተራሮች በአብዛኛው የአሸዋ ድንጋይ ናቸው። ይህ ድንጋይ ተፈርፍሮ የሚሰጠው አፈር ሸካራ፣ አሲዳማና ውኃ የማይቋጥር ነው። የተክል ምግብ፣ በተለይም ፎስፈረስ፣ በጣም ያንሰዋል። እህል ለሚዘራ ገበሬ የማይሆን መሬት ነው።

አየሩን ደግሞ የእኛ አንባቢ በቀላሉ ይረዳዋል። በምዕራብ ኬፕ ዝናቡ የሚዘንበው በአብዛኛው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት ነው፤ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ደግሞ ደረቅ ነው። ስለዚህ እርጥቡና ደረቁ ወቅት ከኢትዮጵያ ደጋ ክረምትና በጋ ጋር ይቀራረባል። ልዩነቱ በኬፕ ደረቁ ወቅት የዓመቱ ሞቃት ጊዜ መሆኑና ብርቱ ነፋስ መንፈሱ ነው። ወደ ምሥራቅ በተሄደ ቁጥር ዝናቡ በዓመቱ ወራት ሁሉ እየተከፋፈለ ይመጣል። ተክሉም እንደዚሁ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ማሪ ቮክትስ የተባሉት ደቡብ አፍሪካዊት የዕፅዋት ተመራማሪ የንጉሥ ፕሮቲያን ልዩ ልዩ ዓይነቶች ከየቦታው ሰብስበው አጥንተዋል። በቅጠል ቅርጽ፣ በአበባ መጠንና በሚያብቡበት ወቅት እንደሚለያዩ አሳይተዋል፤ ይህም ጠባያቸው በአንድ ቦታ አብረው ሲተከሉ እንኳ አይጠፋም። በመሆኑም ዘር የሚገዛ ሰው ዝርያው ከየት እንደመጣና መቼ እንደሚያብብ መጠየቅ አለበት። እኒህ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1958 ያሳተሙት መጽሐፍ ፕሮቲያን በግቢያቸው ለማሳደግ ለሚሹ ደቡብ አፍሪካውያን በር ከፍቷል።

እሳትና የተቀበረው ጉቶ

ፊንቦስ ይቃጠላል። በየ10 ወይም በየ20 ዓመቱ ገደማ እሳት ተራራውን ይዞራል። ይህ እሳት ለከተማው ሰው አደጋ ነው፤ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2021 በኬፕ ታውን ቴብል ተራራ ላይ የተነሣው እሳት የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲን ታሪካዊ ቤተ መጻሕፍት አቃጥሏል። ለቁጥቋጦው ግን እሳት የሕይወት ዙር አንዱ ክፍል ነው። አሮጌውን እንጨት ያነሣል፣ ብርሃን ያስገባል፣ አመዱም ለአጭር ጊዜ መሬቱን ያበላል።

ብዙዎቹ የፕሮቲያ ዝርያዎች በእሳት ይሞታሉ፤ ዘራቸው ብቻ ይተርፋል። ንጉሥ ፕሮቲያ ከእነዚህ ይለያል። ከመሬት በታች ወፍራም ጉቶ አለው፤ በዚህ ጉቶ ላይ ተኝተው የሚጠብቁ ብዙ ዓይኖች አሉ። ከላይ ያለው ሁሉ ተቃጥሎ ሲጠፋ ዓይኖቹ ይነቃሉ፤ በጉቶው ውስጥ በተጠራቀመው ምግብ ኃይል አዲስ ግንድ ይወጣል።

ዘሩም ቢሆን ከእሳት ጋር የተስማማ ነው። የበሰለው ዘር በደረቀው አበባ ውስጥ ተዘግቶ ይቆያል፤ ግንዱ ሲቃጠል ወይም ሲሞት ተከፍቶ ይበተናል። ከዚያም ቀዝቃዛውን ወቅትና ዝናቡን ጠብቆ ይበቅላል። እ.ኤ.አ. በ1990 ደ ላንገና ቡሸር የተባሉ ሁለት ደቡብ አፍሪካውያን ተመራማሪዎች የአንድ ፊንቦስ ተክል ዘር በጢስ ሲታጠን በብዛት እንደሚበቅል አሳተሙ። ይህ ግኝት የብዙ ፊንቦስ ተክሎችን የችግኝ ሥራ ለውጦታል። ዛሬ ጢስ የተቀላቀለበት ውኃ ወይም በጢስ ውኃ ተነክሮ የደረቀ ወረቀት ለዘር መንከሪያ ይሸጣል።

ማዳበሪያ ለምን ይገድለዋል?

ፕሮቲያ ድሃ አፈር ላይ የሚኖርበት ብልሃት ሥሩ ላይ ነው። ከዝናብ በኋላ፣ ከመሬቱ ወለል ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ ከዋናው ሥር ጎን ተጠጋግተው የሚወጡ እጅግ ብዙ ቀጫጭን ሥሮች ይፈጠራሉ። አብረው እንደ ጥቅጥቅ ያለ ብሩሽ ሆነው ይታያሉ። ሄለን ፐርኔል የተባሉ አውስትራሊያዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1960 ስለእነዚህ ሥሮች በዝርዝር ጽፈዋል። ሥሮቹ የሚኖሩት ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። በዚያ አጭር ዕድሜ አሲድ ወደ አፈሩ ይለቃሉ፤ አሲዱ ከአፈር ጋር ተጣብቆ የቀረውን ጥቂት ፎስፈረስ ያላቅቀዋል፤ ሥሮቹም ይወስዱታል።

ይህ ሥር ያገኘውን ፎስፈረስ ሁሉ ለመሰብሰብ የተሠራ ነው፤ በቃኝ ማለት ግን አይችልም። አብዛኞቹ ተክሎች ፎስፈረስ ሲበዛባቸው መውሰዱን ይቀንሳሉ። ፕሮቲያ ይህ ልጓም ደካማ ስለሆነበት እስኪመረዝ ድረስ ይወስዳል። ቅጠሉ መጀመሪያ ቢጫ ይሆናል፤ ጫፉ ያራል፤ ከዚያ ተክሉ ይሞታል።

ስለዚህ ለሌላው ሰብል መልካም የሆነው እንክብካቤ እዚህ ይገለበጣል። ዳፕ፣ ኤንፒኤስ፣ የዶሮ ኩስ፣ የከብት ፍግ፣ የአጥንት ዱቄትና ለጽጌረዳ የሚሰጥ ማዳበሪያ ለፕሮቲያ መርዝ ናቸው። አሲዳማ አፈርን ለማከም የሚበተነው ኖራም እንዲሁ፤ ፕሮቲያ የሚፈልገው አሲዳማውን አፈር ነው። በሣር ሜዳ ላይ የተበተነ ማዳበሪያ በጎርፍ ወደ ፕሮቲያው ሥር እንዳይደርስ መጠንቀቅም ያሻል። መሬት ላይ የተተከለ ፕሮቲያ በአብዛኛው ምንም ማዳበሪያ አያስፈልገውም። በማሰሮ ለሚያድግ ግን ፎስፈረስ የሌለው ወይም እጅግ ዝቅተኛ የሆነ፣ ቀስ ብሎ የሚሟሟ ማዳበሪያ በጥቂቱ መስጠት ይቻላል።

የንጉሡ ዘመዶች በኢትዮጵያ

ፕሮቲያ የሚመደብበት ቤተሰብ ትልቅ ነው፤ አብዛኛው ክፍሉ የሚኖረው በምድር ደቡባዊ ክፍል ነው። ከዚህ ቤተሰብ አንዱን ኢትዮጵያ ውስጥ የማያውቅ የለም፦ በየመንገዱ ዳርና በቡና ማሳ ላይ ለጥላ የሚተከለው ግራቪሊያ ነው። ከአውስትራሊያ የመጣ ሲሆን ለውዙ ውድ የሆነው ማካዳሚያም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው።

ከዚህም የቀረበ ዘመድ አለ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 መጀመሪያ ከምጽዋ ወደ ጎንደር ሲጓዝ በሊማሊሞ አለፈ። በዚያ ተራራ ያገኘውን ቁጥቋጦ በሥዕል አስደግፎ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ ገለጸው። ጀርመናዊው ግሜሊን በኋላ ለዚሁ ተክል ብሩስ የመዘገበውን ስም ይዞ ፕሮቲያ ጋጉዌዲ የሚል የሳይንስ ስም አወጣለት። ይህ ነጣ ያለ አበባ ያለው ተክል ከኤርትራና ከኢትዮጵያ ደጋ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ በየተራራው ይገኛል። እንግዲህ ፕሮቲያ ለሐበሻ ምድር ባዕድ አይደለም። የኬፕ ንጉሥ በሊማሊሞ ገደል ላይ የሥጋ ዘመድ አለው።

ከዘር ማሳደግ

ዘሩ በጸጉር የተሸፈነ፣ ከስንዴ ቅንጣት ከፍ የሚል ነው። በደቡብ አፍሪካ የሚዘራው ሙቀቱ መቀነስ ሲጀምር በመጋቢትና በሚያዝያ ነው። ለመብቀል የሚያነሣሣው የቀንና የሌሊት ሙቀት ልዩነት ነው፦ ቀን 20 ዲግሪ አካባቢ፣ ሌሊት ከ10 ዲግሪ ያነሰ ወይም ወደዚያ የተጠጋ። ሌሊቱ ሞቃት በሆነ ቆላ ብዙ ዘር ሳይበቅል ይቀራል።

ዘሩን ለአንድ ሌሊት በጢስ ውኃ መንከር ይጠቅማል። የመዝሪያው አፈር ሸካራ አሸዋና ማዳበሪያ ያልገባበት የተብላላ የዛፍ ቅርፊት እኩል ተቀላቅሎ ይዘጋጃል። ዘሩ በአፈሩ ላይ ተረጭቶ የራሱን ውፍረት ያህል ብቻ በአሸዋ ይሸፈናል። ትሪው ብርሃንና ነፋስ በሚያገኝበት፣ አይጥና ወፍ በማይደርስበት ቦታ ይቀመጣል። አፈሩ እርጥብ ይሁን፤ አይጨቀይ። ዘሩ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይበቅላል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለማይወጣ ትሪውን ቶሎ መጣል አይገባም።

ቡቃያው ሲወጣ ትልቁ ጠላቱ ሻጋታ ነው፤ አንገቱን አበስብሶ ይጥለዋል። መከላከያው የአየር ዝውውር፣ ጠዋት ውኃ ማጠጣትና ንጹሕ አፈር ነው። ሁለት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ ሥሩ ሳይነካ ወደ ግል ማሰሮው ይዛወራል። ከዘር የተነሣ ንጉሥ ፕሮቲያ ለማበብ አራት ወይም አምስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል።

ይህን ያህል መቆየት የማይሻ ሰው ከቁራጭ የተነሣ ችግኝ ቢገዛ ይሻለዋል። ቁራጭ የሚወሰደው በዚያው ዓመት ካደገና መጠንከር ከጀመረ ቅርንጫፍ ነው፤ ጫፉ ሥር በሚያስወጣ ሆርሞን ተነክሮ ከሥሩ ሙቀት፣ ከላይ ቀላል የውኃ ጭጋግ በሚያገኝበት ቦታ ይተከላል። ሥራው መሣሪያ ስለሚጠይቅ ለችግኝ ጣቢያ የሚመች ነው። ጥቅሙ ችግኙ መልኩ ከእናቱ ጋር አንድ መሆኑና ከዘር ከተነሣው ቀድሞ ማበቡ ነው። ለጠባብ ግቢና ለማሰሮ ሊትል ፕሪንስ የተባለው አጭር ዝርያ ይመከራል።

ቦታ መምረጥና መትከል

ቦታው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ፣ ነፋስ የሚያልፍበትና ውኃ የማይተኛበት ይሁን። ተዳፋት ከሜዳ ይመረጣል። ግንብ ጥግ የታፈገ አየር ያለበት ቦታ፣ የዛፍ ጥላና ሁልጊዜ የሚጠጣ የሣር ሜዳ መሐል አይስማሙትም። የጎለመሰ ተክል ቀላል ውርጭ ይችላል፤ ለጋ ችግኝ ግን በውርጭ ሌሊት መሸፈን አለበት።

አፈሩ ውኃ ማሳለፉን ለማወቅ ክንድ የሚያህል ጉድጓድ ቆፍሮ ውኃ መሙላት ነው። ውኃው ሰዓታት አልፈውም ከቆመ ቦታው አይሆንም። እንዲህ ባለ መሬት ላይ አሸዋና ትንንሽ ጠጠር ተቀላቅሎበት ከፍ ያለ መደብ መሥራት ያስፈልጋል። የአፈሩ የአሲዳማነት መለኪያ (ፒኤች) ከ4 እስከ 6 ባለው መካከል ቢሆን ተመራጭ ነው። የኖራ ድንጋይ በሞላበት አገር ሥሩ ብረት የተባለውን ንጥረ ነገር መውሰድ ስለሚያቅተው አዲሱ ቅጠል ይገረጣል። የፕሮቲያን ቤተሰብ አበቦች ለገበያ የሚያመርቱ ገበሬዎች ለዚህ መላ አግኝተዋል፤ በኬፕ ኖራማ ዳርቻ ላይ የሚበቅለውን ሌውኮስፐርመም ፓተርሶኒ የተባለ ዘመድ ለሥርነት ተጠቅመው የሚፈልጉትን ዝርያ በላዩ ያጣብቃሉ።

ጉድጓዱ ከማሰሮው ሁለት እጥፍ ይስፋ፤ ጥልቀቱ ግን ከማሰሮው አይብለጥ። ፍግም ኮምፖስትም አይገባበትም፤ ከዚያው የወጣው አፈር ይመለስበታል። ችግኙ ሲወጣ ሥሩ መበተን ወይም መቆረጥ የለበትም። አንገቱ ከመሬቱ እኩል ሆኖ ይተከላል፤ ከዚያ በደንብ ይጠጣል። በተክሎች መካከል 1 ሜትር ያህል መተው ነፋስ እንዲያልፍ ይረዳል።

ውኃ፣ ጉዝጓዝና ገረዛ

ድርቅ ይችላል የሚለው ዝና የሚሠራው ለጎለመሰው ተክል ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረቅ ወቅቶች ችግኙ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ጥልቅ አድርጎ መጠጣት አለበት። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማርከፍከፍ ሥሩን ከላይ ያስቀረዋል። ውኃው ጠዋት፣ ከግርጌው ይሰጥ፤ አመሻሽ ላይ ቅጠሉን ማራስ የቅጠል በሽታን ይጋብዛል።

እነዚያ ብሩሽ መሰል ሥሮች ከመሬቱ ወለል አጠገብ ስለሆኑ በፕሮቲያ ግርጌ መኮትኮት ክልክል ነው። አረሙ ገና ለጋ ሳለ በእጅ ይነቀላል፤ ያደገው ከመሬት እኩል ይቆረጣል። በዙሪያው ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የእንጨት ፍቅፋቂ፣ ቅርፊት ወይም የፈረንጅ ጥድ ቅጠል ይጎዘጎዛል። ጉዝጓዙ ግንዱን መንካት የለበትም። በዚህ ዓይነት አረሙ ይታፈናል፣ አፈሩ ይቀዘቅዛል፣ ሥሩም በተፈጥሮው እንደለመደው ከብስባሽ ቅጠል በታች ይኖራል።

ገረዛው አበባው እንደጠወለገ ወይም ለገበያ ሲቆረጥ ይከናወናል። ያበበው ግንድ ጤነኛ ቅጠል ያለበት ከ10 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ክፍል ቀርቶ ይቆረጣል፤ አዲሱ ቅርንጫፍ የሚወጣው ከዚያ ነው። ያረጀና የተዝረከረከ ንጉሥ ፕሮቲያ ከመሬት በጥቂቱ ከፍ ተደርጎ ሙሉ በሙሉ ቢቆረጥ ከተቀበረው ጉቶ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ መቀሱ እዚህ የእሳቱን ሥራ ይሠራል። ይህ ግን ጉቶ ለሌላቸው ዝርያዎች አይሠራም። እነርሱ ቅጠል የሌለው አሮጌ እንጨት ድረስ ከተቆረጡ ይሞታሉ። ስለዚህ መቀስ ከማንሣት በፊት ዝርያውን ለይቶ ማወቅ ግድ ነው።

ከበሽታዎቹ ሁሉ የሚከፋው ፋይቶፍቶራ ሲናሞሚ የተባለው ሥር አበስባሽ ነው። ውኃ በቋጠረ ሞቃት አፈር ውስጥ ይስፋፋል፤ ትናንት ደህና የነበረ ተክል ባንድ ጊዜ ይጠወልጋል። ከጀመረ በኋላ ማዳን አስቸጋሪ ስለሆነ የሞተው ተክል ከነሥሩ ተነቅሎ መወገድ፣ መሣሪያውም መታጠብ አለበት። ዋናው መድኃኒት ውኃ የሚያሳልፍ መሬት መምረጥ ነው።

ከተቆረጠ በኋላ

ፕሮቲያ ዛሬ ከደቡብ አፍሪካ ሌላ በአውስትራሊያ፣ በኒውዚላንድ፣ በካሊፎርኒያ፣ በሃዋይና በፖርቱጋል ለገበያ ይመረታል። በደቡብ ካሊፎርኒያ የሚኖሩ ወገኖቻችን በየችግኝ መሸጫው ሊያገኙት ይችላሉ፤ የሳን ዲዬጎ ሰሜናዊ ኮረብታዎችም ፕሮቲያ የሚመረትባቸው ናቸው።

የተቆረጠው አበባ ውኃ ውስጥ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይቆያል። ደርቆም መልኩን ስለማያጣ ለወራት ጌጥ ይሆናል። ችግሩ ቅጠሉ ቶሎ መጥቆሩ ነው። ትልቁ አበባ ከቅጠሎቹ ስኳር ስቦ ይወስዳል፤ ጨለማ ቦታ ውስጥ የተቀመጠ ቅጠል ደግሞ አዲስ ስኳር መሥራት አይችልም። ስለዚህ ብርሃን ባለበት ማስቀመጥ፣ የታችኞቹን ቅጠሎች መቀነስ፣ የግንዱን ጫፍ በየጊዜው መቁረጥና ውኃውን መለወጥ ያስፈልጋል።

በእኛ ደጋ ቢተከልስ?

የኢትዮጵያ ደጋ ብርቱ ፀሐይና ቀዝቃዛ ሌሊት ለፕሮቲያ የሚስማሙ ናቸው። ፈተናው አፈሩ ነው። ዝናብ ሲመታው የሚጨቀይ፣ በበጋ የሚሰነጠቅ ጥቁር ዋልካ ፈጽሞ አይሆነውም። አሲዳማው ቀይ አፈር ይሻላል፤ ቢሆንም ሸክላነቱ ስለሚከብድ ከፍ ያለ መደብና ተዳፋት ይፈልጋል። ብዙ ዘመን ዳፕ የለመደ ማሳም መቅረት አለበት። ዘር ወይም ችግኝ ከውጭ ማስገባት የኳራንቲን ፈቃድና የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ የሥር በሽታ በአፈር ተደብቆ ስለሚጓዝ ይህን ሕግ ማክበር የአትክልተኛ ሁሉ ግዴታ ነው።

ከዚህ የሚበልጥ ሥራም አለ። ደቡብ አፍሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1913 በቴብል ተራራ ምሥራቃዊ ግርጌ ኪርስተንቦሽ የተባለውን የዕፅዋት ማዕከል ሲመሠርቱ የተነሡበት ዓላማ የአገራቸውን ተክሎች ማሳደግና ማጥናት ነበር። የመጀመሪያው ኃላፊ ሃሮልድ ፒርሰን የጀመሩት ያ ሥራ የባዕድ ባለሙያዎችን ያቃተውን ተክል የማንም ሰው ግቢ ጌጥ አድርጎታል። እኛም የራሳችን ፕሮቲያ አለን። ስለ ንጉሡ የተገኘው ዕውቀት ሊማሊሞ ላይ ላለው ዘመዱ መነሻ ይሆናል፤ ሁለቱም ከአንድ ወገን ናቸውና። ዘሩን በፈቃድ ሰብስቦ፣ በቀዝቃዛ ወራት ዘርቶ፣ ያለ ፍግና ያለ ዳፕ አሳድጎ ውጤቱን የሚመዘግብ አንድ የችግኝ ጣቢያ ወይም እንደ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ያለ ተቋም ቢነሣ፣ ብሩስ ከ250 ዓመት በፊት በሥዕል ያስቀመጠው ቁጥቋጦ በየግቢያችን ሊታይ ይችላል። ለአገር በቀል አበባ ቦታ መስጠት ከዚያ ይጀመራል።